ሠላሳ አንዱ ፋይል ባንድ ላይ የተከፈተበት ቅዳሜ

ኮምፒውተር መግዛት የሰውን ሕይወት ይለውጣል ብትሉኝ ድሮ እስቅባችሁ ነበር። ዕቃ ያው ዕቃ ነው ባይ ነኝ። ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ የገጠመኝን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ዘነበች እባላለሁ። ጂንካ ውስጥ፣ ከመነኸሪያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ የእድር ደንብ፣ የሠርግ ካርድ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ምኑ ቅጡ፤ ከተማው የሚያስጽፈውን ሁሉ እጽፋለሁ። ምላሷ ስለታም ናት ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። ደንበኛ ጭንቅላቴ ላይ ቆሞ ሲያጣድፈኝ አልወድም። የዚያን ጊዜው ኮምፒውተሬ ደግሞ ከእኔም ይብስ ነበር፤ ሲያጣድፉት ጭራሽ ይተኛል።

«ሽማግሌው» ነበር የምለው። ስክሪኑ ሆዱን ወደ ኋላ የነፋ፣ ሜሞሪው አምስት መቶ አሥራ ሁለት ሜጋ ባይት፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ። የጂንካ አቧራ እንዳይጎዳው ብዬ ዳንቴል አልብሼው ነበር፣ እየሠራም ሳይቀር። ግማሹን ሕመም ያመጣበት ያ ዳንቴል መሆኑን፣ ሙቀቱን እያፈነ ሲያንፈራግጠው እንደኖረ፣ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለነገሩ በሕይወቱ ልቀልድ ብዬ አይደለም፤ ላሳምረው ብዬ እንጂ።

ሽማግሌው የተሸከመው ትልቁ ሥራ የመምህር ጴጥሮስ ነበር። መምህር ጴጥሮስ ከጂንካ በላይ ያለችው የገዘር ሰው፣ በብሔረሰባቸው አሪ ናቸው። አምስተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። አያቶቿ ከሰሜን መጥተው እዚህ የከተሙ፣ ቤቷ ከአማርኛ ሌላ የማይነገርበት ልጅ ባለቤትና ተሳቢ መለየት አቅቷት፣ አሪው መምህር ጆሮዋን ቆንጥጠው አስተማሯት፤ ልጅቷ እኔ ነኝ። ጡረታ ሲወጡ የአሪኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመሩ። በየቅዳሜው፣ በገበያ ቀን፣ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከገዘር በሚኒባስ ይወርዳሉ። እኔ እተይባለሁ፣ እርሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ እናወራለን፣ እንከራከራለን። እንዲህ ዘጠኝ ዓመት ሄድን።

አንድ የአሠራር ዘዴ ነበራቸው። ከእያንዳንዱ ቃል ኋላ በቅንፍ ቁጥር ይጽፋሉ። ቁጥሩ ቃሉን የሰጣቸው ሰው ነው። የሰዎቹ ስም ያለው በአንድ ቀይ ደብተር ላይ ሲሆን እሱን ለማንም አያሳዩም። «ስማቸው ሥራው ሲያልቅ ይገባል» ነው መልሳቸው። እኔም ቁጥሮቹን ስተይብ ከሰዎቹ ጋር ተላመድኩ። ሰባት ቁጥር ስለ ንብ ካልሆነ አይናገርም። ሃያ ሁለት የበሽታ ስም አያልቅበትም። የምወዳት ግን አርባ አንድን ነበር። ሴት ናት ያለኝ የለም፤ ግን ቃሎቿ ሁሉ የጓሮ፣ የልጅ ማሳደግ፣ የእንሰት፣ የቁጣም ናቸው። በሐሳቤ ከገዘር በላይ ያለች፣ ጥርሷ የረገፈ፣ ተቆጪ አሮጊት አድርጌ ሥያት ነበር። የምትሰጠውን ቃል አብዛኛውን እኔም ስለማውቀው «ይህች የእኔ ቢጤ ናት» እያልኩ እስቃለሁ።

አሪኛ የት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። እናቴ ነጋዴ ነበረች፤ ጨውና ጨርቅ ይዛ እስከ ኦሞራቴ ትወርዳለች። እርሷ እስክትመለስ የምታሳድረኝ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነበረች፣ የአሪ ሴት። ከእርሷ ጋር ቆጮ በልቼ፣ ከልጆቿ ጋር ተጋድሜ ነው ያደግሁት። እናቴ ስትመጣ ግን ቋንቋውን ከአጥሩ ወዲያ ትቼው እገባለሁ። ማንም አልከለከለኝም፣ ግን ቤታችን ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ሳድግም እንደ ሙያ ቆጥሬው አላውቅም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ የኮሌጅ አስተማሪ ለመዝገበ ቃላቱ የዛፉን፣ የቅጠሉን፣ የቤት ዕቃውን ፎቶ በትልቅ ካሜራ አንስቶ ሰጠን፤ እኔም እንዳለ እያመጣሁ ለጠፍኩት። ፋይሉ አበጠ። ሽማግሌው መክፈት ሲያቅተው ለሁለት ከፈልኩት፣ ቀጥሎ ለአራት፣ መጨረሻ ላይ ሠላሳ አንድ ቁራጭ ሆነ። አንዱን ቁራጭ እስኪከፍት ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ገዝቼ እመለሳለሁ።

ይህም ባልከፋ። በዘጠነኛው ዓመት ግን የመምህር ዓይን ደከመ። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በመድኃኒት ለማቆየት እንሞክራለን ብሏቸዋል። እስከ መቼ ብለው ቢጠይቁት «የሚነበብ ነገር ካለዎት አሁን ያንብቡት» አላቸው። ወረቀት ላይ ያለ ፊደል እየጠፋባቸው ነበር። ብርሃን ያለው ስክሪን ላይ፣ ፊደሉ እንደ ጣት ጎልቶ ሲጻፍ ግን ያነባሉ። ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ አንብበው ማረም አለባቸው፤ ሌላ ሰው አይችለውም። እኔም የራሴን ስህተት አላይም። ሽማግሌው ደግሞ ፊደል አጉላ ሲሉት ይደርቃል። ስለዚህ ሌላ ኮምፒውተር ማግኘት ነበረብኝ፣ ያውም ቶሎ።

እቁብ በደረሰኝ ሳምንት፣ አርብ ዕለት፣ ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከከፈተው ከያሬድ ዘንድ ሄድኩ። ያሬድ ጨዋ ነጋዴ ነው፣ ግን አፉ ማር ነው። ሁለት ላፕቶፕ አወጣልኝ። አንዱ አዲስ፣ ብርማ፣ ቀጭን፣ ባትሪው ስድስት ሰዓት የሚቆይ፤ ሜሞሪው አራት ጊጋ። ሌላው ያገለገለ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ፊደሎቹ በጣት የተላጡ፣ ባትሪው የደከመ፤ ሜሞሪው ግን አሥራ ስድስት ጊጋ። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም።

«ቀጭኑን ሜሞሪ ልጨምርበት ብል?» አልኩት።

«እሱ ላይ አይጨመርም። ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ነው የሚመጣው» አለኝ። «ግን ዘኒዬ፣ አንቺ ደብዳቤ ነው የምትጽፊው፤ አራት ምን አነሰሽ? ደግሞ መብራቱን ታውቂዋለሽ። ይሄኛው መብራት ቢሄድም አያቆምሽም።»

እውነቱን ልናገር? ልቤን የወሰደው ባትሪው አይደለም። ደንበኛ ሲገባ ያ ብርማ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ሲያብረቀርቅ ታየኝ። ማዶ ያለችው ባለ ፎቶ ኮፒ ስትቀና ታየችኝ። «ቀጭኑን ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ» ብዬ ቃሌን ሰጥቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መምህር ጴጥሮስ ደረሱ። በር ላይ ቆመው ደረጃውን በእግራቸው እየዳበሱ ሲገቡ አየሁ። ባለፈው ሳምንት እንዲያ አልነበሩም።

«መምህር፣ ኮምፒውተር አግኝቻለሁ! አዲስ ነው፣ ከካርቶኑ ያልወጣ» አልኳቸው።

«ሥራችንን ከፍተሽበታል?»

«አዲስ ነው እኮ እያልኩዎት!»

«አዲስ ተማሪም ብዙ አይቻለሁ» አሉና ዱላቸውን አነሱ። «ፈተና ሳልሰጥ ያሳለፍኩት የለም። ተነሺ፣ እንሂድ።»

መንገድ ላይ ሜሞሪ የሚባለው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ጎተራው አይደለም፤ ጎተራው ሌላ ነው። ሜሞሪው እህሉን ዘርግፈን የምናበጥርበት ሰሌን ነው። ሰሌኑ ከጠበበ ጎተራው ቢሞላም በጭብጥ በጭብጥ ነው የምንሠራው» አልኳቸው። ትንሽ ሄዱና «ታዲያ እኛ ዘጠኝ ዓመት በመሐረብ ላይ ስናበጥር ነበር በይኝ» አሉ።

ያሬድ ሲያየን ቀጭኑን ለመጠቅለል ተነሣ። መምህር አስቆሙት። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ከኪሳቸው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ፣ ወረቀቱን መሐል ለመሐል አሰመሩና በአንድ በኩል «ቀጭኑ» በሌላው «ወፍራሙ» ብለው በትልልቁ ጻፉ።

«ሁለቱም እኩል ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። መኮራረጅ የለም» አሉ።

ያሬድ ሳቀ፤ ፍላሼን ሳወጣ ግን ሳቁን አቆመ። «ዘኒዬ፣ የአንቺ ፍላሽ እኮ የከተማውን ቫይረስ ሁሉ የሰበሰበ ነው!» እውነቱን ነው። ፈትሾ አጽድቶ እስኪሰጠኝ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ቀጭኑ ጀመረ። አንደኛውን ፋይል ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ከፈተው። «አላልኳችሁም?» አለ ያሬድ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ ያምራል። በሰባተኛው መንተባተብ ጀመረ። በዘጠነኛው ያች ክብ ነገር መዞር ጀመረች፤ ዞረች፣ ዞረች፣ አልቆመችም። ፊደል አጉላ አልኩት፤ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። መምህር የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እያዩ ጠበቁና «ስምንት ከሠላሳ አንድ» ብለው ጻፉ። እኔ አሁንም በልቤ ብርማውን አልተውኩትም። ስምንት ስምንት እያደረግን ብንሠራስ እላለሁ።

ወፍራሙ ተተካ። በሽማግሌው የለመደ ጣቴ ከእያንዳንዱ ፋይል በኋላ ሊጠብቅ ይቆማል፤ እሱ ግን ቀድሞ ከፍቶ ይጠብቀኛል። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። መምህር መቁጠር ትተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሠላሳ አንደኛው ሲከፈት ያሬድም ወንበሩን ስቦ መጥቶ ነበር።

«አንድ ላይ ልግጠማቸው?» አልኩ።

«ይቻላል?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነብኝ። «አንድ ላይ አይቼው አላውቅም እኮ።»

አንዱን ከሌላው ኋላ እየለጠፍኩ መግጠም ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። የመጨረሻውን እንደለጠፍኩ መብራት ጠፋ።

መስኮት የሌለው ሱቅ ጭልም አለ። የወፍራሙ ባትሪ አሥራ አንድ በመቶ ይላል። «ይኸው! ይህንን ነበር የፈራሁልሽ!» አለ ያሬድ። ቶሎ ብዬ ሴቭ አልኩት። የሚያስቀምጠው ፋይል ትልቅ ነውና መስመሩ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ባትሪው ወደ ዘጠኝ፣ ወደ ስምንት ይወርዳል። ሞልቶ ሲያልቅ ሰባት ላይ ነበር።

«አጥፊው በቃ» አለኝ ያሬድ።

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል» አሉ መምህር። «ከሙሉው ውስጥ ፈልጎ ያወጣል?»

«ያወጣል።»

«እንግዲያው አርባ አንድን ፈልጊልኝ።»

በቅንፍ አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩና ፈልግ አልኩት። ወዲያው ቁጥሩ ወጣ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቃል!» አልኩ። «መምህር፣ ይህችን ሴትዮ ሳትሞትብን ሄደን እንያት እንጂ! የት ነው የምትኖረው? ገዘር ናት?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እዚሁ ጂንካ ናት።»

«ጂንካ የት?»

«ከመነኸሪያው ዝቅ ብሎ። ፎቶ ኮፒ ታነሳለች» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ የምትቀናብኝ የማዶዋ ሴት መሰለችኝ። ያሬድ ነው ቀድሞ የገባው፤ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ስክሪኑን ወደ ታች ሳብኩት። ጥጃ ጠብቶ ሲጨርስ አፉ ላይ የሚቀረው አረፋ። ልጅ ሊያለቅስ ሲል ከንፈሩ የሚሆነው። የእንሰት ቅጠል ነፋስ ሲቀደው የሚያሰማው ድምፅ። ሰነፍ ምራትን መስደቢያ። ሁሉም አርባ አንድ። ሁሉንም እትዬ ብርቄ ጓሮ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ሁሉም እኔው፣ ሻይ እየተጠጣ፣ «እንዲያ አይባልም መምህር!» እያልኩ በክርክር መሐል የወረወርኳቸው ናቸው። እርሳቸው ማታ ገዘር ገብተው ጽፈውታል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሌሎች ጋር ቀላቅለው ሲያመጡልኝ ደግሞ እኔ «ጎበዝ አሮጊት» እያልኩ ተይቤዋለሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው፤ በእውነት ተቆጥቼ ነበር። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!»

«ብነግርሽ ትጠነቀቂ ነበር። የሚጠነቀቅ ሰው ለመምህር የሚሆን ቃል ነው የሚሰጠው። አንቺ ደግሞ ጥሩ ጥሩው የሚወጣሽ ስትቆጪኝ ነው።»

«የእኔ አይደለም እኮ። የእትዬ ብርቄ ነው።»

«ብርቄን አላገኘኋትም። ከእነዚህ ቃሎች ብዙዎቹን እኛ ገዘር ረስተናቸዋል፤ ልጆቼ ሲሰሙ ይስቃሉ። ያገኘኋቸው አንቺ ዘንድ ነው። ያቆየሻቸው አንቺ ነሽ።»

ወፍራሙ ላፕቶፕ በዚህ መሐል ባትሪው አልቆ ጠፋ። ጨለማው ውስጥ አለቀስኩ፤ ለማንም አልደበቅሁም። ከመንገዱ የገበያተኛው ድምፅ ይሰማል፣ አማርኛው፣ አሪኛው፣ ሌላውም ተደባልቆ።

ቆይቶ ያሬድ «እና የትኛውን ነው የምጠቀልለው?» አለ።

መምህር ወረቀታቸውን አነሱ። «ቀጭኑ በመልክ አንደኛ። ወፍራሙ አልፏል» ብለው አነበቡ። ያሬድ ለወፍራሙ አዲስ ባትሪ ከአዲስ አበባ ሊያስመጣልኝ ተስማማ፣ አስመጣልኝም። ተሸክሜው ስወጣ ክብደቱ ትከሻዬን ጎተተኝ፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ማዶ ያለችው ሴት አይታ «ደግሞ አሮጌ ገዛሽ?» አለችኝ። «አዎ፣ አሮጌ» አልኳት።

አንባቢዎቼ፣ ሳቁብኝ እንጂ አልቀየምም፤ ፎቶዎቹን ማሳነስ እንደሚቻል ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነበር። ያን ባውቅ ኖሮ ምናልባት ሽማግሌው ራሱ ይበቃን ነበር፣ ያቺ ቅዳሜም ባልኖረች። ስለዚህ ባለማወቄ አልተጸጸትኩም። ኮምፒውተር የምትገዙ ካላችሁ ግን ምክሬ አንድ ነው። የራሳችሁን ሥራ፣ ያውም ከባዱን፣ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱበት። ሻጩ ይታገሣችኋል፤ ካልታገሠ ሌላ ሱቅ አለ።

ሌላውን ለማስረዳት ይከብደኛል። ለስንቱ ሰው የሥራ ልምድ ስጽፍ «የሚችሉት ቋንቋ» የሚለውን መስመር ሞልቻለሁ! የራሴን ስጽፍ ግን አማርኛና ትንሽ እንግሊዝኛ ብዬ አልፍ ነበር። ጂንካ ተወልጄ፣ ጂንካ አድጌ፣ ልክ እንደ እንግዳ ሰው። ዛሬ ከገዘር የመጣች እናት ቤቴ ገብታ አማርኛ ስትፈልግ ስትጨነቅ ካየሁ በአሪኛ «እንዴት አደርሽ፣ ምን ልጻፍልሽ?» እላታለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ሌላው ደንበኛ እየሰማ። ይህን ለማድረግ አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል።

መምህር ጴጥሮስ ሥራቸውን በወፍራሙ ላይ ማንበብ ጀመሩ። ቅዳሜ አልበቃ ብሎ ማክሰኞም ይመጡ ነበር። ፊደሉን አጎላለሁ፣ እርሳቸው አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው ያነባሉ። አንዳንድ ቀን ሁለት ገጽ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ዓይናቸው እንባ ያዝልና ሥራውን አቁመን እያወራን እንሳሳቃለን። እኔ በየቀኑ ራሴን የምጠይቀው ዓይናቸው ይቀድማል ወይስ መጨረሻው ገጽ የሚለውን ብቻ ነበር፤ ጮክ ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

ወፍራሙን በገዛሁ በሰባተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ተመልሰው እንደገና አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ አንድ ፊደል ጎድሏል፣ ዘኒ» አሉኝ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር።

አየሁት። እውነትም ጎድሏል። ሞላሁት። ወደ ወንበሩ ተደግፈው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«አሁን» አሉ፣ «ዓይኔ ያሻውን ያድርግ።»